እንግሊዝኛን ከልብ ወለድ መጻሕፍትና ከመንገደኛ ንግግር ስለ መማር



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር ሁላችንንም በየቀኑ የሚነካ ነው። ይኸውም የእንግሊዝኛ ቋንቋን እንዴት ብንማረው ከደብተራችን ወጥቶ ወደ አእምሮአችንና ወደ አንደበታችን ሊገባ ይችላል? የሚለው ጥያቄ ነው።

የጥያቄውን ክብደት ለማሳየት አንድ ነገር ላስታውስ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የምንቀመጥበት ብሔራዊ ፈተናም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ሁሉን በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ዳሩ ግን የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ሒሳቡን ቢያውቅ እንኳ ዕውቀቱን የሚያወጣበት በር ተዘግቶበታል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ነገር የአንድ ትምህርት ነገር ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነው።

ይህ ቋንቋ ወደ ተማሪ ቤቶቻችን የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች መካከል የበለጠ ክብር የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የመሪነቱን ስፍራ የያዘው በ1933 ዓ.ም. አገራችን ከጠላት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በየክፍሉ ሰዋስው ተምረናል፤ ግሥ አርብተናል፤ ባዶ ቦታ ሞልተናል። ሆኖም አንድ እንግዳ በፒያሳ መንገድ ላይ አስቁሞ ‹‹የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ነው?›› ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ከአሥራችን ስንቱ ሳይንተባተብ ይመልሳል? ሕጉን ማወቅና ቋንቋውን ማወቅ አንድ አለመሆናቸው ከዚህ ይታወቃል። ሕግ አጥር ነው፤ አጥር ብቻውን ግን ቤት አይሆንም።

እኔ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ የሚያጣምር ነው። አንደኛው ልብ ወለድ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው መንገደኛ የሚናገረውን ንግግር መለማመድ ነው። ልብ ወለድ ቃልን ከነአኗኗሩ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ንግግር ደግሞ የገባውን መልሶ ያወጣል። ካነበብን በኋላ የማንናገር ከሆነ ዕውቀታችን በጎተራ እንደ ተዘጋበት እህል ይነቅዛል፤ ሳናነብ የምንናገር ከሆነ ደግሞ ከአሥር ዐረፍተ ነገር በኋላ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

1ኛ፤ ስለ ልብ ወለድ

ብዙዎች ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። በተለይ ወላጆቻችን የታሪክ መጽሐፍ ይዘን ሲያዩን ‹‹ትምህርትህን ትተህ ተረት ታነባለህ?›› ይሉናል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ፈተና በሩቅ አገር ተደርጓል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በፊጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በገጠር ተማሪ ቤቶች የሚማሩ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ለየክፍላቸው 250 ያህል የታሪክ መጻሕፍት ተሰጧቸው። ልጆቹ እንደ እኛ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ነበሩ። ኤሊና ማንጉባይ የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች በ1983 እንዳስታወቁት፣ መጻሕፍቱ የደረሷቸው ልጆች በማንበብና በማዳመጥ ከሌሎቹ በእጥፍ ፍጥነት ተራመዱ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ወደ ጽሕፈትና ወደ ሰዋስው ጭምር ተላለፈ። እንግዲህ ተረቱ ትምህርቱን አልሻማውም፤ አሳደገው እንጂ።

ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። አንድን ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥተን ብንሸመድደው ቃሉን ብቻ እናገኛለን። በልብ ወለድ ውስጥ ግን ያው ቃል በቁጣ፣ በሐዘን፣ በልመና፣ በቀልድ ተነግሮ እናገኘዋለን። ለምሳሌ ‹‹አፍሬይድ›› የሚለውን ቃል እንውሰድ። መዝገበ ቃላቱ ‹‹የፈራ›› ይለናል። በልብ ወለድ ውስጥ ግን አንድ ባለ ሱቅ ‹‹አይ አም አፍሬይድ ዊ ሃቭ ኖ ብሬድ›› ሲል እናገኘዋለን። ይህ ሰው ምንም አልፈራም፤ ‹‹ያሳዝናል፣ ዳቦ የለንም›› ማለቱ ነው። ይህን ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ከታሪክ መማር ይቀላል፤ ታሪኩን የሚያነብ ሰው የባለ ሱቁን ፊት በሐሳቡ ያየዋልና።

አሁን ‹‹የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?›› የሚል ጥያቄ ይነሣል። የቋንቋ ምሁራን ሁና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንድ አንባቢ ልብ ወለድን ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከመቶ ቃላት 98ቱን ማወቅ እንዳለበት ገልጸዋል። ይህም ማለት ከ50 ቃላት አንዱ ብቻ አዲስ ይሁን ማለት ነው። ይህን በጣት መለካት ይቻላል። መጽሐፉን ከመሐል ገልጠህ አንድ ገጽ አንብብ፤ የማታውቀው ቃል በተገኘ ቁጥር አንድ ጣት እጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶችህ ከታጠፉ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጠው፤ ጊዜው ሲደርስ ይጠብቅሃል።

ለጀማሪ የሚሻሉት በተቀነሱ ቃላት የተጻፉት አጫጭር መጻሕፍት ናቸው። ይህን ዓይነት መጻሕፍት ካስፋፉት ሰዎች አንዱ በቤንጋል ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር 2000 ያህል እጅግ የሚያስፈልጉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ለይቶ አቅርቧል። እነዚህን 2000 ቃላት በሚገባ ያወቀ ተማሪ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያጋጥሙት ቃላት ውስጥ ከአምስቱ አራቱን ያህል ያውቃል። ስለዚህ በትናንሾቹ መጻሕፍት ማፈር አይገባም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከዚህ ከፍ ላለው አንባቢ ደግሞ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ልብ ወለዶች አሉለት። የእነዚህ ጥቅማቸው ነገሩን አስቀድመን የምናውቀው መሆኑ ነው። የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ‹‹አፈርሳታ›› በአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያም የአገሩ ሰው ወንጀለኛውን ለማግኘት አፈርሳታ ይቀመጣል። አፈርሳታ ምን እንደሆነ አያቶቹ የነገሩት ልጅ የእንግሊዝኛው ቃል ቢጠፋው እንኳ ነገሩ አይጠፋውም፤ ከነገሩ ተነሥቶ ቃሉን ይገምተዋል። የዳኛቸው ወርቁ ‹‹ዘ ሰርቲንዝ ሰን››፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው፣ ታሞ ወደ ዝቋላ ገዳም ስለሚጓዝ ፊታውራሪና አብረውት ስለሚሄዱ ልጆቹ የሚናገር ነው። ይህ መጽሐፍ ከበድ ስለሚል ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ነው። በቅርብ ዘመን ከወጡት ደግሞ የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ በዋሽንግተን ከተማ አነስተኛ ሱቅ ስለ ከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይተርካል፤ የመዓዛ መንግሥቴ ‹‹ዘ ሻዶው ኪንግ›› ስለ ጣልያን ወረራና ስለ ዘመቱት ሴቶች ይናገራል። ይህ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 ለታላቁ የቡከር ሽልማት ከታጩት ከመጨረሻዎቹ ስድስት መጻሕፍት አንዱ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም አንድን ታሪክ በሁለት ቋንቋ ማንበብ ነው። ስለዚህ ነገር ስናገር የነቢይ መኰንንን ሥራ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ነቢይ በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ‹‹ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ›› የተባለ ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር፤ ብጥስጣሹም ከእስር በሚፈቱ ሰዎች እጅ እየተደበቀ ወጣ። በኋላ ተሰብስቦ ‹‹ነገም ሌላ ቀን ነው›› በሚል ስም ታተመ። እኛ ዛሬ ደብተርም፣ መብራትም፣ መዝገበ ቃላትም እያለን ‹‹አመቺ ነገር የለም›› ብንል ያሳፍራል። እንግዲህ አንድን ምዕራፍ በመጀመሪያ በአማርኛው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛው ብናነበው፣ ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ንግግር የመረጠለትን የአማርኛ አባባል ስለምናይ እንደ ጥሩ አስተማሪ ያገለግለናል።

ሲነበብ የሚከተሉትን መጠበቅ ይጠቅማል። ሀ) በየቀኑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማንበብ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከማንበብ ይህ ይሻላል። ለ) በየቃሉ እየቆሙ መዝገበ ቃላት አለመግለጥ፤ ገጹን ጨርሶ ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ቃል ብቻ መፈለግ። ሐ) በታሪኩ ውስጥ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን ቃል በእርሳስ ምልክት ማድረግ። መ) ምልክት ከተደረገባቸው ንግግሮች በቀን ሦስቱን በልዩ ደብተር መጻፍና ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። ይህ ደብተር ለሁለተኛው ክፍል ትምህርታችን ስንቅ ነው።

2ኛ፤ ስለ መንገደኛ ንግግር

ለልምምድ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአራዳና በፒያሳ ዙሪያ የምንኖር ተማሪዎች እንግዳ የሚመላለስበት ሰፈር ልጆች ነን። ምሳሌ እንዲሆነን አትክልት ተራን እንውሰድ። ሁላችሁም እንደምታውቁት አትክልት ተራ ዛሬ ስሙ እንጂ ገበያው የለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ገበያው መጀመሪያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። እንግዲህ ስሙን ከካርታ ላይ ያነበበ አንድ እንግዳ መጥቶ ገበያውን ቢፈልግ እንዴት እናስረዳዋለን? ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

እንግዳ፤ ‹‹ኤክስኪዩዝ ሚ። ዌር ኢዝ ዘ ቬጅተብል ማርኬት?›› (ይቅርታ፣ የአትክልቱ ገበያ ወዴት ነው?)
ተማሪ፤ ‹‹አይ አም አፍሬይድ ኢት ሃዝ ሙቭድ፣ ሰር። ኢት ዩዝድ ቱ ቢ ሂር።›› (ያሳዝናል፣ ጌታዬ፣ ተዛውሯል። ድሮ እዚህ ነበር።)
እንግዳ፤ ‹‹ባት ማይ ማፕ ሴዝ አትክልት ተራ።›› (ካርታዬ ግን አትክልት ተራ ይላል።)
ተማሪ፤ ‹‹ዘ ኔም ስቴይድ፣ ባት ዘ ማርኬት ሌፍት።›› (ስሙ ቀረ፤ ገበያው ግን ሄደ።)
እንግዳ፤ ‹‹አይ ሲ። ካን አይ ዎክ ቱ ሴንት ጆርጅ ቸርች?›› (ገባኝ። ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ መሄድ እችላለሁን?)
ተማሪ፤ ‹‹የስ፣ ዩ ካን። ጎ አፕ ቱ ፒያሳ፣ ኤንድ አስክ ፎር ዘ ስታቹ ኦቭ ሚኒሊክ። ዘ ቸርች ኢዝ ቬሪ ኒር ኢት።›› (አዎን፣ ይችላሉ። ወደ ፒያሳ ይውጡና የምኒልክን ሐውልት ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሱ አጠገብ ነው።)

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። ‹‹አይ አም አፍሬይድ›› ከልብ ወለዱ ባለ ሱቅ የተዋስነው ነው። ‹‹ዩዝድ ቱ›› ደግሞ ‹‹ነበር›› ለሚለው ቃላችን ከሚሆኑት አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሆነ ነገር ‹‹ትናንት እዚህ ነበርሁ›› ስንል ‹‹ዋዝ›› ይበቃል። ሲደጋገም ለቆየና አሁን ለቀረ ነገር ግን ‹‹እናቴ እዚህ ቲማቲም ትገዛ ነበር›› ስንል ‹‹ማይ ማዘር ዩዝድ ቱ ባይ ቶሜቶስ ሂር›› እንላለን። ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርከው ያለፈውን ስለሆነ ይህን አነጋገር በብዙ ገጾች እናገኘዋለን። በሰፈራችን ደግሞ የፈረሰው፣ የተነሣውና የተዛወረው ስለ በዛ የምንናገርበት አጋጣሚ አይጠፋም።

3ኛ፤ የአማርኛ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ልብስ

እንግሊዝኛ ስንናገር ቃሉን ለውጠን ሐሳቡን በአማርኛ ስለምንተወው እንግዳውን የምናደናግርባቸው ነገሮች አሉ። ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

መጀመሪያው ‹‹መጣሁ›› የሚለው ነው። እኛ ጥቂት ራቅ ልንል ስንል ‹‹መጣሁ›› ብለን እንሄዳለን። ይህንኑ ‹‹አይ አም ካሚንግ›› ብሎ ጀርባውን ለሚያዞር ልጅ እንግዳው ዐይኑን አፍጥጦ ይቀራል፤ ‹‹እመጣለሁ እያለ ይሄዳል!›› ይላልና። የሚባለው ‹‹አይ ዊል ቢ ባክ›› ነው።

ሁለተኛው ‹‹አዎን›› ነው። ‹‹ምሳ አልበላህም?›› ብለው ሲጠይቁን ያልበላን ከሆነ ‹‹አዎን፣ አልበላሁም›› እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ላልሆነ ነገር ሁልጊዜ ‹‹ኖ›› ነው። ‹‹ይህ አውቶቡስ ወደ ጎንደር አይሄድም?›› ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ‹‹የስ›› ያለ ልጅ እንግዳውን ባልፈለገው አውቶቡስ ሊያሳፍረው ይችላል።

ሦስተኛው ‹‹እንጫወት›› ነው። ጨዋታ ለእኛ ወግም ነው፣ ኳስም ነው። ‹‹ፕሌይ›› ግን ወግ አይደለም። አንድ ሽማግሌ እንግዳን ‹‹ሌት አስ ፕሌይ›› ብንላቸው ኳስ እንድናመጣ ይጠብቃሉ። የምንፈልገው ወግ ከሆነ ‹‹ቶክ›› ወይም ‹‹ቻት›› ማለት ይገባል።

አራተኛው አጠራር ነው። ‹‹አይ ልቭ ኢን አዲስ አበባ›› ማለት ‹‹አዲስ አበባ እኖራለሁ›› ነው፤ ‹‹ሊቭ›› ብለን ከሳብነው ‹‹ለቅቄ እሄዳለሁ›› ወደሚለው ይዞራል። ደግነቱ ፊደላችን ሳድስና ሣልስን ስለሚለይ ‹‹ል››ንና ‹‹ሊ››ን አስቦ የሚጠራ ልጅ ወደ ትክክለኛው ድምፅ ይቀርባል።

አምስተኛውና ከሁሉ የከበደው ሰዓት ነው። የእኛ ከጧቱ 12 ሰዓት በእነርሱ 6 ሰዓት ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አውቶቡስ ‹‹አት ትዌልቭ›› ይነሣል ብለን ብንነግረው እንግዳው በቀትር ይመጣል፤ አውቶቡሱ ግን ከተነሣ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ስለዚህ ለእንግዳ ስንናገር ስድስት ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ ግዴታ ነው። ለራሳችንም ቢሆን ይህ ነገር የሚያስከፍል ነው። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ለአየር መንገድ ግን ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ነው። በቲኬት ላይ ‹‹ማክሰኞ፣ 1 ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ›› ተብሎ የተጻፈው በረራ በእኛ አነጋገር የሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ‹‹ማክሰኞ ማታ እሄዳለሁ›› ብሎ የሚቀመጥ ሰው አውሮፕላኑ በዋዜማው ሄዶበታል። የእንግሊዝኛ ቲኬት አንብቦ ለእናቱ ወይም ለአክስቱ ይህን ማስረዳት የሚችል ተማሪ ለቤቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ትሕትና አይዘንጋ። በየመንገዱ ልጆች እንግዳ ሲያዩ ‹‹ዩ! ዩ!›› እያሉ ይጣራሉ። ይህ በአማርኛ ‹‹አንተ! አንተ!›› ማለት ነው። የሰፈር ሽማግሌን ‹‹አንተ›› ብሎ የተጣራ ልጅ በእናቱ እንደሚቆነጠጥ እናውቃለን። እኛ አክብሮትን በ‹‹እርስዎ››ና በግሡ መጨረሻ እንገልጻለን። እንግሊዝኛ ‹‹እርስዎ›› ስለሌለው አክብሮቱን ‹‹ፕሊዝ››፣ ‹‹ኩድ ዩ››፣ ‹‹ኤክስኪዩዝ ሚ›› በሚሉት ቃላት ይገልጻል። እነዚህን የተወ ሰው በልቡ ትሑት ቢሆንም በንግግሩ ባለጌ ይመስላል።

4ኛ፤ ሁለቱን ስለ ማጣመር

ሥራው በሳምንት እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እያንዳንዱ ተማሪ ልብ ወለዱን ያነባል፤ በቀን ሦስት ንግግር በደብተሩ ይጽፋል። ዐርብ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው የሰፈሩ ልጅ ይሆናል። ከሳምንቱ 12 ንግግሮች ቢያንስ አምስቱን ያስገባ አንድ ጭውውት እናዘጋጃለን፤ መንገድ ማሳየት፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ሐኪም ቤት መፈለግ፣ ቲኬት ማንበብ የመሳሰለውን። ሚናችንን እንለዋወጣለን። ጭውውቱን ያለ ወረቀት ሦስት ጊዜ ከደገምነው የእኛ ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። ያገለገሉ መጻሕፍት ገዝቶ አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ማዘዋወር ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ወላጆቻችንን የምንለምነው በቀን 20 ደቂቃ ጸጥታ እንዲሰጡንና ልብ ወለድ ይዘን ቢያዩን እንዳይቆጡን ነው። መምህራኖቻችንን ደግሞ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለጭውውት እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

አንዳንድ ሰዎች የውጭ ቋንቋ መውደድ የራስን መናቅ ይመስላቸዋል። ከላይ የጠቀስኋቸው ሰዎች ሥራ ግን ይህን አያሳይም። ሳህለ ሥላሴና ዳኛቸው በእንግሊዝኛ የጻፉት ስለ አፈርሳታና ስለ ዝቋላ ነው፤ ነቢይ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ያነበበው ለአማርኛ አንባቢ ለማውረስ ነው። እኛም የምንማረው የሰፈራችንን ነገር ለሚጠይቅ ሁሉ በትክክል ለመናገር፣ ፈተናችንንም ተረድተን ለመሥራት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የመጪው ዓመት ትምህርት እስኪጀመር የክረምቱ ወራት በእጃችን ናቸው። በቀን አሥር ገጽ ያነበበ በ60 ቀን 600 ገጽ ያነባል፤ በቀን ሦስት ንግግር የጻፈ 180 ንግግር ይዞ ይመለሳል። ከ180ው ግማሹ እንኳ በአንደበታችን ቢቀር፣ በመስከረም ስንገናኝ አንዳችን ለሌላው የምንነግረው አዲስ ታሪክ፣ የምንነግርበትም አዲስ ቃል ይኖረናል።